34 ዓመት «በሰላም መልስልኝ» ስል ኖርኩ፤ ሲመለስልኝ መተንፈሻ አጣሁ

ሰላም ላንቺ ይሁን። በዕድሜ ልጄ ትሆኛለሽና አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ይህን የምጽፍልሽ የኮንዶሚኒየማችን የጋራ ማብሰያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከቤት ስወጣ «እንጀራ ልጋግር ነው» ብያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሊጥ አልያዝኩም።

62 ዓመቴ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ኖሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ 66 ዓመቱ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ጅቡቲ መስመር። ከድርጅቱ በ60 ዓመቱ ጡረታ ቢወጣም የግለሰብ መኪና ይዞ አምስት ዓመት ጨመረ። ከተጋባን 34 ዓመታችን ነው። ሦስቱም ልጆቻችን የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። እኛ ሁለታችን የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ቀርተናል።

ኑሯችን እንዲህ ነበር። እሱ ይሄዳል። አስር፣ አስራ አምስት ቀን ይቆያል። ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል፣ ደግሞ ይሄዳል። ሲመጣ ቤቱ ዓውደ ዓመት ነው። ሲሄድ ሻማ አበራለሁ። «አዋሽ ደረስኩ»፣ «ሚሌ ልናድር ነው» ብሎ ሲደውል እፎይ እላለሁ። ስልኩ ከዘገየ እንቅልፍ የለኝም። ልጆቹን ያሳደግሁት፣ ቤቱን ያስተዳደርኩት እንዲህ ሆኜ ነው።

ባለፈው ዓመት ዓይኑ እያስቸገረው መኪናውን አስረከበ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። እጆቼን ወደ ላይ ዘርግቼ አመሰገንኩ። አሁን ግን ጠዋት ስነሳ አለ። ቡና ሳፈላ አለ። ጓዳ ስገባ ሳሎን ሆኖ «የት ነሽ?» ይለኛል። ገበያ ልሄድ ስል ጫማውን ያደርጋል። ወጥ ስሠራ ከኋላዬ ቆሞ ሽንኩርቱ ወፈረ፣ ዘይቱ በዛ ይላል። የበርበሬና የሽሮ ዕቃዎቼን ቦታ ቀያይሮ አንድ ጠዋት ሙሉ ጨው ስፈልግ ዋልኩ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል። ቡና የሚጠጡልኝ ጎረቤቶቼ በሩ ላይ «ጋሼ አለ እንዴ?» ብለው ይመለሳሉ። እሱ ራሱ የትም አይሄድም። ጓደኞቹ ቃሊቲ አካባቢ ናቸው፤ ቤት ከገባ ወዲህ አንድም ቀን ሄዶ አላያቸውም።

ባለፈው ሳምንት በዚያው በሽንኩርቱ ነገር ተጣላን። ቢላዋውን አስቀምጬ አለቀስኩ። እሱም ደንግጦ በረንዳ ላይ ወጥቶ ቆመ። ማታ ደብረ ዘይት ላለችው እህቴ ደወልኩ። «ነይ፣ ሁለት ወር እኔ ጋ አርፈሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ልቤ ሄዷል። ለትልቋ ልጄ ስነግራት ግን «እማዬ፣ አባዬ ቤቱ እንዲገባ አይደል ስትጸልዪ የኖርሽው?» አለችኝ። አፈርኩ። ባሏ መንገድ ላይ የቀረባት ስንት አለች። አምላኬን ያማረርኩ መሰለኝ።

አልጠላሁትም። ክፉ ሰው አይደለም። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ መጠጥም አያበዛም። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን መሆን አማረኝ። ይህ ኃጢአት ነው? ልሂድ ወይስ ልቅር?

የሹፌሩ ሚስት፣ ከየካ አባዶ

*

እናቴ፣ ሰላምዎ ይብዛ።

ሊጥ ሳይዙ ማብሰያ ቤት መሄድዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ደግሜ ሳነበው ግን አሳዘነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ቤትዎን ብቻዎን አስተዳድረው የኖሩ ሴት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻዎን ለመቀመጥ ሰበብ መፈለግ ደረጃ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።

የኃጢአቱን ጥያቄ በቅድሚያ ላንሳው። እኔ ቄስ አይደለሁም። ልብዎን ከከበደው ለነፍስ አባትዎ ያንሱላቸው፤ ከዚህ የከበደ ብዙ ነገር ሰምተው ያውቃሉ። በእኔ ዓይን ግን ያማረሩት ነገር የለም። የጸለዩት በሰላም እንዲመለሱ ነው። ተመለሱ። ያመሰገኑትም ከልብዎ ነው። ሽንኩርት ሲከትፉ ከኋላዬ ይቁምልኝ ብለው ግን አልተሳሉም። ለሰው መኖር እያመሰገኑ በሰው ውሎ መድከም ይቻላል። ልጅዎንም አልወቅሳትም። እሷ የምታየው አባቷ ከዚያ አስፈሪ መንገድ መትረፋቸውን ነው። ጨው ሲፈልጉ የሚውሉት እርስዎ እንጂ እሷ አይደለችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እርስዎ የ34 ዓመት ባለትዳር ነኝ ይላሉ። ልክ ነው። ግን አስር ቀን ተለይቶ ሁለት ቀን መገናኘት አንድ ዓይነት ትዳር ነው፤ ጠዋትም ማታም አብሮ መዋል ሌላ። ሁለተኛውን ገና መጀመራችሁ ነው። ታችኛው ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት በሽንኩርቱ የተጣሉት ምናልባት በተጋቡ በስድስተኛው ወር ነው። ተጣልተው፣ ተላምደው፣ ጓዳው የማን እንደሆነ ሳይነጋገሩ ተስማምተው ጨርሰዋል። እናንተ ለዚህ ፀብ ጊዜ አልነበራችሁም። ሁለት ቀን የሚያድር ሰው በዘይት ብዛት አይነዘነዝም። የበሰለለትን በልቶ፣ ልጆቹን አቅፎ ይሄዳል። የወታደር ሚስቶችም፣ ባሎቻቸው በፕሮጀክት ሥራ ክፍለ ሀገር ሲዞሩ የኖሩ ሴቶችም ይህንኑ ይጽፉልኛል። አብዛኞቹም እንደ እርስዎ አፍረው ነው የሚጽፉት።

ባለቤትዎንም በእሳቸው ቦታ ሆነን እንያቸው። ወደ 900 ኪሎ ሜትር መንገድ ተሳቢ እየጎተቱ፣ ጎማ እየመቱ፣ ዘይት እየለኩ፣ ሸራና ገመድ እየፈተሹ የኖሩ ሰው ናቸው። የአገሪቱ የገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው በእሳቸውና በመሰሎቻቸው እጅ ነው። ጋቢናው ውስጥ አዛዡ እሳቸው ነበሩ፤ ረዳቱም «እሺ» ይላል። አሁን የሚፈትሹት ነገር ያለው እርስዎ ጓዳ ውስጥ ብቻ ነው። ይህን የምለው ጥፋቱን ላቃልል ብዬ አይደለም፤ ጨው የጠፋበት ሰው መናደዱ መብቱ ነው። ግን የበርበሬ ዕቃ የሚደረድር ሰው ከክፋት ይልቅ ሥራ ፈትቶ ይመስለኛል።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። «የት ነሽ?» ሲሉዎት እርስዎ «ጓዳ ነኝ» ካሉ በኋላ ምን ይከተላል? «ለምን? ከማን ጋር?» እያሉ የሚያፋጥጡ፣ ስልክዎን የሚያዩ፣ መውጣት የሚከለክሉ ከሆነ ሌላ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ ምክሬም ሌላ ይሆናል። «እሺ» ብለው ዝም የሚሉ ከሆነ ግን፣ እኔ የሚሰማኝ ያው «አዋሽ ደረስኩ» የሚለው ስልክ ነው። ሰውዬው ዕድሜያቸውን በሙሉ እርስዎ መኖርዎን በድምፅ ሲያረጋግጡ ኖረዋል። ዛሬ ሳሎን ሆነው የሚደውሉ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ዓይናቸውን ይመለከታል። መኪናውን ያስረከቡት ዓይናቸው አስቸግሯቸው ነው ብለው አንድ መስመር ጽፈው አለፉት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም አይቷቸዋል? እስቲ ነገሩን በዚህ በኩል ያስቡት። የትም የማይሄዱት፣ እርስዎ ሲወጡ ጫማቸውን የሚያደርጉት፣ ቃሊቲ ያሉትን ጓደኞቻቸውን ያላዩት፣ ምናልባት ብቻቸውን መውጣት ፈርተው ቢሆንስ? አራት ፎቅ ደረጃ አለ፤ መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ጭልምልም ይላል። ታች የተቆፈረ ቦይ አለ፣ ሞተር ሳይክል አለ። በጨለማ ሚሌንና ገዋኔን ያቋረጠ ሰው «ደረጃው አይታየኝም» ብሎ ለሚስቱ መናገር ቀላል አይሆንለትም። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነገር ነው። ግላኮማ የሚባለው፣ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው በሽታ ከሆነ ደግሞ የጠፋው ዕይታ አይመለስም፤ የቀረውን ለማዳን ግን በጊዜ መታየት ያስፈልጋል። ስለዚህ አያቆዩት። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና በከተማው የታወቀ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ በወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር የሚጽፉት እነሱ ናቸው።

እግረ መንገዳችሁን ጆሯቸውንም ይታዩ። ዕድሜ ልክ የናፍጣ ሞተር አጠገብ የተቀመጠ ጆሮ ይደክማል። ቴሌቪዥኑ እስከ ሁለተኛ ፎቅ የሚሰማው ምናልባት እሳቸው ስለማይሰሙት ነው። እስከዚያው የጆሮ ማዳመጫ ይግዙላቸው። ልጆቻችሁ ከውጭም ከውስጥም «ምን ልላክ?» ሲሉ የሚመለስ ጥሩ መልስ ነው።

እንቅልፋቸውንና ምግባቸውንም ይመልከቱልኝ። ሌሊት የሚነቁ፣ የማይበሉ፣ ከምንም ነገር ደስታ ያጡ ከሆነ እዚያው ጤና ጣቢያ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከሥራ መለየት አንዳንዱን ሰው በዝምታ ይጥለዋል፤ ወንዶቹ ደግሞ «ወገቤን አመመኝ» ከማለት በቀር ሌላ አይናገሩም።

ደብረ ዘይትን በተመለከተ። ይሂዱ። ግን ሁለት ወር አይደለም፣ ተደብቀውም አይደለም። አኩርፈው ሁለት ወር ቢጠፉ ምን እንደሚሆን እርስዎም ያውቁታል። ባለቤትዎ ጥላኝ ሄደች ይላሉ። ልጆች ይሰበሰባሉ። የሕንፃው ሰው ይንሾካሾካል። ከእድሩ አንዱ ለሽምግልና ጋቢውን ለብሶ ይመጣል። በሽንኩርት የተጀመረ ነገር ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ አስቡት። ሦስት ሌሊት ይበቃል። የሚሄዱበትን ቀን፣ የሚመለሱበትን ቀን ነግረው ይሂዱ። ሩቅ መንገድ አይደለም፤ ከወደዱት በሌላ ወር ይደግሙታል። እህትን መጠየቅ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ነገር ግን ደብዳቤዎን ስጨርስ አንድ ነገር ገርሞኛል። እርስዎ «አማረኝ» ያሉት ደብረ ዘይትን አይደለም። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን መሆን ነው ያሉት። ታዲያ ለምን የሚወጡት እርስዎ ይሆናሉ? ጡረታ ከወጡ በኋላ ቀንዎን እንደገና የሠሩት እዚያ ቤት ውስጥ ነው። የቡናው ሰዓት፣ ጎረቤቶችዎ፣ የከሰዓት ጸጥታዎ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። እህትዎ ቤት ሄደው እንግዳ ሆነው ሊቀመጡ ነው። እንግዳ ደግሞ ብቻውን አይተውም። ስለዚህ የእርስዎ ፍላጎት እንዲሟላ መውጣትን መልመድ ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

የት? እዚህ ላይ ገንዘብ ይመጣል። ሹፌር መንገድ ላይ ጋባዥ ነው። ረዳቱን ያበላል፣ ጓደኛውን ያጠጣል፣ ሲመለስ ለሰፈር ልጅ ሙዝና ብርቱካን ያወርዳል። በጡረታ ገንዘብ ያ ሁሉ የለም። ብዙ አባቶች ቤት ተቆልፈው የሚውሉት ሰው ጠልተው ሳይሆን ሰው ለማኪያቶ ሲከፍልላቸው ስለሚያፍሩ ነው። የሁለታችሁ ጡረታ በገባ ቀን ቁጭ ብላችሁ ስትመድቡ፣ የእሳቸው የመውጫ ገንዘብ እንደ ጤፍና እንደ መብራት ራሱን ችሎ ይመደብ። በየቀኑ እጃቸውን ዘርግተው የሚጠይቁት አይሁን። የእርስዎም ይመደብ። መጠኑን አቅማችሁ ይወስነው፤ ትንሽም ብትሆን የራስ ስትሆን ትለያለች።

ቃሊቲ ከየካ አባዶ ሩቅ ነው፤ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ማለት ነው። ቢሆንም ከአያት ባቡር ይዘው ስታዲየም ላይ ወደ ቃሊቲው መስመር መቀየር ይችላሉ። ባቡሩ እንዳመሉ ሊዘገይ ይችላል፤ እሳቸው ደግሞ ቀጠሮ የለባቸውም። በዚያ ላይ አያያዙን ካየሁት፣ እኚህ ሰው የናፈቃቸው መድረሻው ብቻ አይደለም። መንገዱም ናፍቋቸው ይሆናል። መስኮት ዳር ተቀምጦ ከተማ ማቋረጥ ራሱ ደስ ሊላቸው ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን አንዱ ልጃችሁ አብሯቸው ይሂድ፤ እርስዎ ግን አይሂዱ።

ሥራ አይፈልጉላቸው። «እስቲ እንትን ሥራ፣ እስቲ ኮሚቴ ግባ» ሲባል ወንድ ልጅ ይብስበታል። ከፈለጉ ለሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር በጆሮው ጣል ያድርጉለት፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፓምፕ የሚያውቅ ሰው ተፈላጊ ነው። ጥያቄው ከኮሚቴው ይምጣ። ታች ጥላው ስር ዳማ የሚጫወቱ አባቶችም አይጠፉም፤ ቆርኪ በሚገፋበት ቦታ አንድ ቀን ቆሞ ያየ ሰው በሁለተኛው ቀን ይቀመጣል።

እንዴት ልንገራቸው ለሚለው። ዝም አይበሉ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ተጣልታችሁ ሳላችሁ አይሁን፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶም አይሁን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ፣ ወይም ማታ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ይሻላል። ቃሉን የራስዎ ያድርጉት እንጂ እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «አንተ መንገድ ላይ ሆነህ እኔ ብቻዬን መዋል ለመድኩ። አንተን ስወድህ ነው፣ ግን ልማዱ አልለቀቀኝም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቼ ይምጡልኝ። አንተም ያን ጊዜ ወደ ጓደኞችህ ውጣ። ማታ አብረን ራት እንበላለን፣ ያየኸውን ትነግረኛለህ።» ቀኑን ይጥሩት። «ትንሽ እረፍት ስጠኝ» ከተባለ ሰው ይከፋዋል፤ «ማክሰኞ ከስምንት እስከ አስራ አንድ» ሲባል ግን የሥራ ፕሮግራም ይመስላል፤ እሳቸው ደግሞ የጉዞ ፕሮግራም የለመዱ ናቸው።

ከዚያ ይጠይቋቸው። «አንተስ ምን ከበደህ?» ይበሉና ዝም ይበሉ። እናቴ፣ አስተማሪ ነበሩና ይህ ሊከብድዎት ይችላል፤ ተማሪው መልሱን ሳይጨርስ ማረም የሙያ ልማድ ነው። መልሱ ቢመርዎትም ይስሙት። ምናልባት እሳቸውም እርስዎ ላይ ቅሬታ ይኖራቸዋል። ቤቱ ሁሉ በእርስዎ ሕግ የሚሄድ፣ እሳቸው በገዛ ቤታቸው እንግዳ የሆኑ መስሎ ይሰማቸው ይሆናል። እውነትም ሊሆን ይችላል።

ለጓዳው ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሹፌር ምግብ ያውቃል። በረሃ ላይ መኪና ጥግ ይዞ፣ ምድጃ ለኩሶ የሠራው ስንት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ይሁን፣ ጓዳው የእሳቸው ይሁን። ከገበያ እስከ ዕቃ አጠባ። የተቀሩት ቀናት ግን የእርስዎ ናቸው፤ የበርበሬውም ዕቃ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ታዲያ ጓዳ አይግቡ። ሽንኩርቱን እንደ ጉቶ ቢከትፉትም ይለፉት። ይህን ካልቻሉ ስምምነቱ አንድ ሳምንት አይዘልቅም።

የልጆቹ መኝታ ቤትስ? እንደማንኛችንም ቤት ሻንጣና ብርድ ልብስ ተቆልሎበት ከሆነ ያራግፉት። ቴሌቪዥኑ ወደዚያ ሊገባ ይችላል፤ ወይም አንድ ወንበርና የእርስዎ መጻሕፍት። በር ያለው ክፍል ያስፈልጋችኋል። እኛ አገር ባልና ሚስት ክፍል ለየ ሲባል ተጣሉ ተብሎ ይወራል፤ እኔ የማወራው ስለ ቀኑ ነው። የማታው የእናንተ ጉዳይ ነው።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይጀምሩት። ዓይኑ ይቅደም፤ እሱ ሳይታወቅ ስለ ባቡርና ስለ ቃሊቲ ማውራቱ ትርጉም የለውም። ቀጥሎ የማክሰኞውን ቡና ይመልሱ፤ ለጎረቤቶችዎ ራስዎ ወርደው «ኑ» ይበሏቸው፤ እነሱ ይሉኝታ ይዟቸዋል እንጂ ቡናው ናፍቋቸዋል። ደብረ ዘይትም ከሐኪሙ ቀጠሮ በኋላ ይሁን። ለእህትዎ ግን ዛሬውኑ ደውለው ሦስት ሌሊት መሆኑን ይንገሯት፤ ሁለት ወር ብላ አልጋ አዘጋጅታ እንዳትጠብቅዎት።